የዲዋሊው ላዱ መቼ ይቀመሳል

ሕንዶች ዲዋሊ የሚሉት የመብራት በዓል አላቸው። ጥቅምት ውስጥ፣ አንዳንዴም ኅዳር አፋፍ ላይ ይውላል። እኔ የምሠራባት ጋሃና የምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ ያሉ ነጭ ጎረቤቶች አምፖሉ በየደጁ ሲንጠለጠል ሲያዩ የገና በዓል ቸኮለ ብለው ይደነግጡና እነሱም የራሳቸውን አምፖል ለመስቀል መሰላል ያወጣሉ። እኔ በዓሉን የማውቀው ከማእድ ቤቱ በኩል ነው፤ አንዲት ሕንዳዊት አሮጊት ቤታቸው እየሄድኩ ስለምንከባከብ።

ጠዋት ስኳራቸውን እለካለሁ፣ መድኃኒታቸውን አቀርባለሁ፣ ጸጉራቸውን ጎንጉኜ አበቃና የሀገራቸውን ድራማ አብረን እናያለን። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ክፉዋ ሴት ስትገባ ሙዚቃው ስለሚለወጥ የሚያመልጠኝ ነገር የለም። አረጋዊት ሴት በስም መጥራት አፌ አልደፍር ስላለ ገና በመጀመሪያው ቀን «እማማ» አልኳቸው። በእነሱም ቋንቋ እናት «ማ» ነው የምትባለው። «ሁለት ጊዜ እናት አደረግሽኝ» ብለው ወደዱት። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። የእሳቸውም የእኔም የተሰባበረ ስለሆነ አንዳችን ሌላችንን አናርምም፤ ከማንም ጋር እንደዚያ ተግባብቼ አላውቅም።

ቤቱ የልጃቸው ነው። ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ እናቱም እኔም እስከ ዛሬ አልገባንም፤ ብቻ ሲሠራ በረጅሙ ይተነፍሳል። ምራታቸው ደግሞ ንጹሕ ሴት ናት። ንጽሕናዋን ሳያይ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ስልኳ ላይ ትለጥፈዋለች። ቅመሙን፣ ዱቄቱን፣ ስኳሩን፣ ጨውን ከመጣበት ከረጢት አውጥታ አንድ ዓይነት ጠርሙስ ውስጥ ገልብጣ፣ ጉንዳን የጻፈው በሚመስል ፊደል ስማቸውን ለጥፋባቸዋለች። መደርደሪያው ሲታይ ፋርማሲ ይመስላል። እማማ ያንን ጽሕፈት በመነጽርም አያነቡትም። እኔም አፍንጫዬን ካላስጠጋሁ አላነበውም።

ሐምሌ ላይ እማማ ማንቆርቆሪያ ጥደው ረስተው ቂጡ ቀልጦ ተገኘ። ከዚያ ቀን ወዲህ ምራቲቱ የምድጃውን ማዞሪያዎች ነቅላ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችባቸው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ማታ ማታ ባልና ሚስቱ ሲነጋገሩ አንድ ቃል ይደጋገም ጀመር። እማማ እንግሊዝኛ የማይሰሙ እየመሰላቸው ነው።

«ፋሲሊቲ ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ አንድ ጠዋት፣ ጣታቸውን ለመርፌው እየሰጡኝ።

አሜሪካ እንደመጣሁ የሠራሁት እዚያ ነበርና አውቀዋለሁ። «አረጋውያን አንድ ላይ የሚኖሩበት ቤት ነው» አልኩ።

«ማነው የሚያበስለው?»

«ሠራተኞች ናቸው።»

«ለበዓል ምን ያበስላሉ?»

«ጄሎ» አልኩ፤ ያ በማንኪያ ሲነካ የሚንቀጠቀጥ ዝልግልግ ጣፋጭ።

«ለየትኛው በዓል?»

«ለሁሉም ጄሎ ነው እማማ። ቀለሙ ነው የሚለዋወጠው።»

ጣታቸውን በጥጥ ጠረጉ። መዋሸት እኔ አልችልም፤ ውሸት ለእኔ ኃጢአት ነው፣ እሳቸውም ይህንን ያውቃሉ። ሌላ ሰው የማይጠይቁትን ሁሉ እኔን የሚጠይቁኝ ለዚህ ነው።

«ስሚኝ» አሉ በመጨረሻ። «ምራቴ ጭንቅላቷ ሄዷል ትለኛለች። ዘንድሮ የዲዋሊውን ላዱ በራሴ እጅ እሠራለሁ። ከጣመ ጭንቅላቴ እቦታው አለ ማለት ነው። ካልጣመ ጄሎውን እበላለሁ።»

ላዱ የሽምብራ ዱቄት በንጥር ቅቤ ተቆልቶ፣ ስኳርና ሄል ገብቶበት በመዳፍ የሚድቦለቦል ጣፋጭ ነው። ሽሮ ለሠርግ ተኳኩላ ብትወጣ ላዱ ትሆን ነበር። እማማ ስኳር ስላለባቸው አይበሉትም፤ መሥራቱ ግን የዕድሜ ልክ ሥራቸው ነው። ልጃቸውን ለመኑት። ልጁ አንገቱን አከከ፤ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ወደ እኔ ዞራ፣ «ይሥሩ፤ አንቺ ግን ከአጠገባቸው እንዳትሄጂ» አለች። «ከዲዋሊ በኋላ ሐሙስ የምንጎበኘው ቦታ ቀጠሮ ይዣለሁ። ያኔ እንወስናለን።» ይህን ብላ ለማንኛውም ከሕንድ ሱቅ በካርቶን የታሸገ ጣፋጭ አዘዘች፤ ከላዩ የብር ቅጠል የተለበጠ። ብር የሚበላ ሰው ሀገሬም አይቻለሁ፤ እንዲህ በሳህን ቀርቦ ሲበላ ግን ያኔ ገና ማየቴ ነው።

እኔ ደግሞ የራሴ ጭንቀት ነበረብኝ። ላዱው መጀመሪያ ለአማልክታቸው ይቀርባል፤ ለሰው የሚታደለው ከዚያ በኋላ ነው። ለጣዖት የቀረበ ምግብ የሚሠራ እጅ፣ እሑድ ጠዋት ለጌታ ይነሣል ወይ? ነገሩን ኖርዝላንድ ሰፈር ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን የሴቶች ኅብረት ላይ አነሣሁት።

የኅብረታችን መሪ ዓይኗን ጨፍና ቆየች። «አብስዪ፣ አትብዪ» አለች። «እንጀራሽ ነው።»

«ማማሰሉስ ተሳትፎ አይደለም እንዴ?» አለች አንዷ እህት፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ ቁርስ የምትሠራ።

«አንቺ በየጠዋቱ የአሳማ ሥጋ ትጠብሺ የለ?» አለቻት አጠገቧ ያለችው።

«እሱ ለጣዖት አይደለም፤ ለእንግዳ ነው።»

«ልጆችሽ በሃሎዊን የሰይጣን ጭምብል አጥልቀው ከየደጁ ለቅመው የሚያመጡት ከረሜላስ?»

«እሱ በላስቲክ የታሸገ ነው» አለች፣ ሰይጣን ላስቲክ መቅደድ እንደማይችል በሙሉ እምነት።

ክርክሩ ምግብ እስኪቀርብ ዘለቀ። የቀረበው ሳምቡሳ ነበር፤ ሞርስ ሮድ ካለው የሕንድ ሱቅ፣ ደጃፉ ላይ ዝሆን ራስ ያለው አምላክ አበባ ተደርጎለት ከሚቀመጥበት። ማንም አልጠየቀም፤ ሳምቡሳው ትኩስ ነበርና። ፓስተራችንን ለብቻ አግኝቼ ስጠይቃቸው «ኅሊናሽ ምን ይልሻል?» አሉኝ። ኅሊናዬ የሚለውን ባውቅ እሳቸው ዘንድ ምን ወሰደኝ።

ስለዚህ ድንበሬን ራሴ አሰመርኩ። ሳይቀርብ በፊት ላዱ ሽምብራ ነው፣ ቅቤ ነው፣ ስኳር ነው፤ የፈጠረው ጌታ ነውና እቀምሰዋለሁ። ከቀረበ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው፤ አልነካውም። ንጹሕ ድንበር መሰለኝ። መኪናዬን አስነሥቼ በክሊቭላንድ አቬኑ እየዘመርኩ ቤቴ ገባሁ።

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ምራቲቱ ማዞሪያዎቹን ከመሳቢያ አውጥታ፣ የጦር መሣሪያ እንደምታስረክብ ሰው በእጄ ቆጥራ ሰጠችኝና ወደ ሥራዋ ሄደች። እማማ ገላቸውን ታጥበው፣ ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው ወንበር አስጠጉ። እኔ ቅቤውን አቅልጬ ዱቄቱን ጨመርኩና ማማሰል ጀመርኩ።

«አታቁሚ።»

«አላቆምኩም።»

«ልታቆሚ አስበሻል። ከክንድሽ አየሁት።»

ሽምብራው እየቀላ ሄደ። መጀመሪያ እርጥብ ጭቃ ይሸታል፣ ከዚያ ቆሎ፣ ከዚያ አንድ የሚያስርብ ነገር ይሸታል። እዚያ ሲደርስ እማማ በአፍንጫቸው ሳቡና «በቃ» አሉ። እሳቱን አጠፋሁ፤ እስኪበርድ ጠበቅን። ስኳሩን እኔ ልጨምር ብል እንደ ስድብ ቆጠሩት። «የሚያማስል ብዙ ነው» አሉ። «ላዱውን ሠራ የሚባለው ስኳሩን የጨመረው ነው።» የተፈጨውን ስኳር በሲኒ እየሰፈሩ ጨመሩ። ልክ አስገብተው ሲጨርሱ ስልካቸው ጮኸ፤ እህታቸው ናቸው፣ ከሕንድ፣ በቪዲዮ። ድስቱን አሳዩዋቸው፣ እኔን አሳዩዋቸው፣ ምድጃውን አሳዩዋቸው። እኔ ማማሰያውን ላጥብ ወደ ውኃው ዞርኩ። ፊቴን ስመልስ እማማ ስልኩን አስቀምጠው እጃቸውን ከድስቱ በላይ ያራግፋሉ፤ ከእጃቸው ነጭ ዱቄት ይበናል።

«ምን ጨመሩ እማማ?»

«አንድ እፍኝ ስኳር። ያነሰ መሰለኝ።»

መደርደሪያውን አየሁ። ክዳናቸው የተከፈተ ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። ጠጋ ብዬ የጉንዳኑን ጽሕፈት አነበብኩ። አንዱ ስኳር ነው። ሌላው ጨው ነው። ጨውም እንደ ስኳሩ የደቀቀ ነበር፤ ሁለቱም ጎድለዋል።

«ከየትኛው ነው የጨመሩት?»

«ከስኳሩ ነዋ።» ይህን ያሉት ጠርሙሶቹን ሳያዩ ነው። ወዲያው ግን አዩዋቸው፤ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን፤ ፊታቸውም ትንሽ ተለወጠ።

መቼም ምግብ የሠራች ሴት እንዲህ ሲገጥማት የምታደርገው አንድ ነገር ነው። ጣቴን ወደ ድስቱ ላክሁ። እማማ በማንኪያ ጀርባ መቱኝ።

«ገና አልቀረበም!»

«ጨው ገብቶ እንደሆነ ልቅመስ እማማ።»

«ሳይቀርብ አይቀመስም። የእግዚአብሔርን ድርሻ ቀድመሽ ልትበዪ ነው? ከቀረበ በኋላ የፈለግሽውን ያህል ብዪ።»

«ከቀረበ በኋላማ እኔ አልበላም።»

«ለምን?»

«የእኔ እምነት አይፈቅድም። አሁን ግን እችላለሁ።»

«አሁን የእኔ እምነት አይፈቅድም።»

«በኋላ የእኔ አይፈቅድም።»

ድስቱን መሐላችን አድርገን ቆምን። እሳቸው እኔን ያዩኛል፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ሁለት ጸሎተኛ ሴቶች ባንድ ማእድ ቤት፣ ምላስ ግን ያለው ሰው ጠፋ። «ታዲያ አንቺ ላዱ የምትበዪው መቼ ነው?» አሉኝ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው። 

«እንደገና እንሥራው» ብል ዱቄቱ አልቋል። ሄጄ ልግዛ ብል «ምን ሆነና!» አሉ። እንደገና መሥራት ተሳስቻለሁ ማለት ነው፤ ተሳስቻለሁ ማለት ደግሞ የት እንደሚያደርስ ሁለታችንም እናውቃለን። እጃቸውን በቅቤ አብሰው ማድቦልቦል ጀመሩ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አድቦለቦልኩ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል በሀገሬ፤ ያን ቀን ግን ጨው ሆይ፣ ለእማማ ስትል አንድ ጊዜ አትጣፍጥ ብዬ ለመንኩ።

አመሻሽ ላይ እንግዶቹ መጡ። ጋራዡ በር ላይ የጫማ ክምር ተሠራ፤ ቤቱ ሐርና ሽቶ ሞላ። ምራቲቱ የብር ቅጠል የለበሰውን ጣፋጭ መሐል ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ከየአቅጣጫው ፎቶ አነሣችው። የእማማን ላዱ ከጎን፣ ከአበባው ኋላ ሸሸግ አደረገችው። መቅደሳቸው ድሮ የእንግዳ ካፖርት ይሰቀልበት የነበረ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ደወል ተደወለ፣ ተዘመረ፣ ሁለቱም ሳህኖች ቀረቡ። እኔ ማእድ ቤት ቆሜ የዕቃ ማጠቢያውን ማሽን ከፈትኩ፤ ለአምልኳቸው ንቀት ብዬ አይደለም፣ ለራሴ መዝሙር ማጀቢያ እንዲሆነኝ ነው።

ከዚያ መታደል ሆነ። የተባረከ ነገር እንቢ አይባልም፣ አይተፋም፣ አይጣልም። በቀኝ እጅ ተቀብለው ወደ አፍ ያደርጉታል። በበሩ በኩል ፊታቸውን አየሁ። አንድ ሽበታም ሰው አፋቸውን ዘግተው ጣራውን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። አንዲት ሴትዮ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከጸሎት ይሁን ከሌላ ነገር አልለየሁም። ውኃ የሚጠይቅ ሰው በዛ። የእማማ ልጅ ሁለት በላ፣ አንገቱን እያከከ። «እጅ አላቸው!» ይላል አንዱ። «የድሮ ጣዕም ነው!» ይላል ሌላው። ምራቲቱ ገመጠች። ዓይኗ ሲበራ አየሁ፤ ማስረጃ አፏ ውስጥ ገብቶላታል። ግን የቤተ መቅደሳቸው የሴቶች ኮሚቴ ሊቀመንበር አጠገቧ ቆመው «አማትሽ የሠሩት ነው?» አሏት። ምን ትበል? «አዎ፣ አብረን ነው ሁልጊዜ የምንሠራው» አለች። የምድጃውን ማዞሪያዎች ኪሴ ውስጥ ይዤ ሰማኋት።

እማማ ጥግ ላይ ካለው ወንበራቸው ሁሉንም ሲያዩ ቆይተው በጣታቸው ጠሩኝ። ወደ መኝታ ቤታቸው ደግፌ ወሰድኳቸው። አንድ ላዱ በሻሽ ጠቅልለው ይዘዋል።

«ሁሉም ጥሩ ነው ይላሉ» አሉ። «ዘመዶቼ ናቸው፤ ዘመድ ይዋሻል። እንዴት ነው?»

«አልቀመስኩም እማማ፤ አላውቅም።»

«አውቃለሁ እንዳልቀመስሽ። ብዪና ንገሪኝ።»

«ከቀረበ በኋላ አልበላም ብያለሁ እኮ።»

«እኔ ስኳር ስላለብኝ አልበላም። ልጄ ደስ እንዲለኝ ይላል። ምራቴ ደስ እንዳይለኝ ትላለች። የማትዋሸው አንቺ ብቻ ነሽ። ጭንቅላቴ የት እንዳለ ከማን ልስማ?»

ላዱውን በመዳፌ አኖሩት። ከባድ አልነበረም፤ ግን ያች የኅብረታችን መሪ፣ ሆቴል የምትሠራዋ እህት፣ ፓስተሩም ሳይቀሩ አብረው የተቀመጡበት መሰለኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በጌታ ስም ባረክሁት። ጸሎቱ ረዘም ሳይል አልቀረም።

«ጨርሺ፤ አልቸኮልኩም» አሉ እማማ።

በላሁት። መጀመሪያ ጣፋጭ ነው፣ ያማረ፤ ሽምብራው እንደ ቅቤ ቀለጠ። ቀጥሎ ጨው መጣ።

«ጨው አለው እማማ።»

«ብዙ?»

«ብዙ አይደለም።»

አገጬን በጣታቸው ወደ ራሳቸው መለሱት።

«ብዙ ነው» አልኩ።

አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። አምባራቸውን ከእጃቸው አንድ በአንድ አወለቁ። ሳሎን ውስጥ የዋሹት ሁሉ ይስቃሉ፤ እማማን ደስ ያሰኟቸው እነሱ ናቸው። እኔ እውነቱን ተናግሬ እነሆ አንዲት አሮጊት እንዲህ አድርጌ አስቀመጥኩ። ጸድቄ መሆን አለበት፤ የጽድቅ ስሜት ግን አልነበረውም።

«ጄሎው አሁን ምን ቀለም ይሆናል?» አሉኝ።

«ኅዳር ላይ ብርቱካንማ ነው።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

በማግስቱ ሳይሆን ከማግስቱ በኋላ ሥራ ስገባ ምራቲቱን ሥራ ሳትሄድ ማእድ ቤት ቆማ አገኘኋት። ስልኳን ይዛ ትንጎራደዳለች። ከእንግዶቹ የአንዷ ልጅ፣ ኮሌጅ የምትማር፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ላዱውን ከልቧ ወድዳው ኖሯል። ፎቶ አንስታ «ጨው ያለው ላዱ» ብላ ለጠፈችው። አሜሪካ ጨው ያለው ቸኮሌት፣ ጨው ያለው ካራሜል ይወዳል፤ ወጣቶቹ ተቀባበሉት። ዘመዶች ሳያምኑበት የተናገሩትን ሁሉ አሁን ማመን ጀመሩ፤ ጣራውን ያዩት ሽበታም ሰው ሳይቀሩ «እኔማ ወዲያው ነው የገባኝ» አሉ አሉ። ሊቀመንበሯ ደውለው ለሚመጣው በዓል የእማማና የምራታቸው ላዱ ለቤተ መቅደሱ እንዲሠራ ጠይቀዋል። ምራቲቱም እሺ ብላለች።

«አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ» አለችኝ። «ስንት ጨው ነው ያደረጉት?»

«እሱን እማማን ጠይቂያቸው» አልኩ።

እማማ ጸጉራቸውን ሳይጎነጎኑ ብቅ አሉ። ምራቲቱ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ፎቶውንም አሳየቻቸው። ከእኔና ከእማማ በቀር በዚያ ቤት ጨውን ማን እንደጨመረውና እንዴት እንደጨመረው የሚያውቅ የለም። እማማ መነጽራቸውን አደረጉ፤ ፎቶውን በጥንቃቄ አዩ።

«እሱ የአያቴ ነው» አሉ። «ለሁሉ ሰው አይሠራም።»

«ልኩን ይንገሩኝ፤ ልጻፈው።»

«አይጻፍም።»

«ሲሠሩ ቪዲዮ ላንሳ።»

«በቪዲዮ ማሽተት ይቻላል?»

«ታዲያ እንዴት ላድርግ?»

«አጠገቤ ቆመሽ በየበዓሉ መሥራት ነው። እኔ አያቴ አጠገብ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያ ሐሙስ እንጎበኛለን ያልሽው ቦታ፣ ምድጃ አለው?»

ምራቲቱ ስልኳ ላይ የቦታውን ፎቶዎች አገላበጠች። «የለውም» አለች ኋላ።

«እንግዲያው» አሉ እማማ፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘርግተው። ከበዓሉ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይጠይቀኝ ኪሴ የቀሩትን ማዞሪያዎች አውጥቼ ሰጠኋቸው።

ምራቲቱ ስልኳን ይዛ ወደ ሳሎን ወጣች፤ ቀጠሮውን ስትሰርዝ ድምፅዋ ይሰማል፣ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው» ትላለች። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር። ስለ አያትየዋ ማንም አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ እናገር ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጠየቁኝም።